ስልክ ወደማይገባበት ገዳም የተላከች ትንሽ ካሜራ

የማኅበራችን እኅቶች፣ ሁላችሁም ወደዚያ መሄድ አትችሉም። ዕድሜ ያሰራችሁ አላችሁ፣ ሕፃን የያዛችሁ አላችሁ። ስመለስ ደግሞ እያንዳንዳችሁ ለየብቻ ጠየቃችሁኝና ለየብቻ ማውራት አቃተኝ። ስለዚህ ከቀን ወደ ቀን የሆነውን ልጻፍላችሁ። የገዳሙን ስም ግን አልጽፈውም። አባቶች ስሙ እንዲወራ አይወዱም።

ልጄ ይበልጣል ገዳም ከገባ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። አመክሮ ላይ ነው። እዚያ የአመክሮው ጊዜ ሦስት ዓመት ነው፤ እስኪፈጸም ድረስ ከቤተሰብ ጋር አይገናኝም። ይህን ፈቅጄ ነው የሸኘሁት። በክረምት ግን አንድ የደባርቅ ድንች ነጋዴ አዘዞ ገበያ ላይ፣ «እዚያ ገዳም አንድ የጎንደር ልጅ ድንጋይ ተናደበት» ብሎ ሲያወራ እንደነበር ሰማሁ። ሰውየውን ፈልጌ አጣሁት። በመስከረም ከገዳሙ ደብዳቤ መጣልን። «ደኅና ነኝ፣ አታስቡ» ይላል። ጽሕፈቱ የይበልጣል አይደለም።

እኛ አገር መርዶ በድንገት አይነገርም። ልጅ ሲሞት ለእናቱ መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» ይባላል። ቀጥሎ «ተሽሎታል» ይባላል። አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በር እስኪያንኳኩ ድረስ እንዲህ ይቆያል። እኔም ራሴ ሁለት ሴቶችን እንዲህ አድርጌ ደብቄአለሁ፤ ፊታቸው ላይ እየሳቅሁ። አሁን ተራው የእኔ መሰለኝ። «ደኅና ነው» ያለኝን ሰው ሁሉ ማመን አቃተኝ፤ ባለቤቴን መሪጌታን ጭምር። ስለ ፍሳሽ ውኃ በየሳምንቱ የምትጨቃጨቀኝ ጎረቤቴ መጨቃጨቅ ስትተውማ መርዶዬን ሰምታለች አልኩ።

በጥቅምት አንድ የገዳሙ አባት ለዓይን ሕክምና ጎንደር መጥተው ቤታችን አረፉ። ስለ ልጄ ጠየቅኋቸው።

«ደኅና ነው» አሉ፤ መሬት መሬቱን እያዩ።

«ሄጄ ልየው?»

«ሴት ከበሩ አታልፍም። እሱም አይወጣም። ስልክም አይገባም።» ከዚያ ቀና ብለው፣ «ካሜራ ግን ገብቶ ያውቃል፤ መጻሕፍቱ የተመዘገቡ ጊዜ» አሉ።

ያን ዕለት ወሰንኩ። ሰው ይደብቃል፤ ፎቶ ግን አይደብቅም። እኚያው አባት ለአበምኔቱ ነገሩልኝ፤ «ትምጣና ከበሩ ስትደርስ እንነጋገራለን» የሚል መልስ መጣ። ሴት ልጄ አይከል ላይ አራስ ናት። መሪጌታ ዓይኑ ደክሟል። የምሄደው እኔ ነኝ።

ረቡዕ

በሚኒባስ አራዳ ወጣሁ። የይበልጣልን የምረቃ ፎቶ ያነሣው መላኩ የሚባል ባለ ፎቶ ቤት አለ፤ ካሜራም ይሸጣል። እሱ ዘንድ ገባሁ።

«ለሠርግ ነው እናቴ?»

«ለገዳም ነው።»

ከመስታወቱ ውስጥ ትልቁን አውጥቶ አንገቴ ላይ አንጠለጠለልኝ። «ካሜራ ማለት ይኼ ነው» አለ። በደረቴ ሕፃን የታቀፍኩ መሰለኝ። አቀበቱን አሰብኩና አውልቄ መለስኩለት።

«ታዲያ ምን ዓይነት ነው የሚፈልጉት?»

ጽፌ ይዤ ነበር፤ አነበብኩለት። ቀላል ይሁን። ድምፅ አያሰማ። ብልጭታው የሚጠፋ ይሁን። መብራት በሌለበት አገር ይሥራ። ካሜራ ይዞ የማያውቅ ሰው በአንድ ቁልፍ ያንሣበት። ከስልክ ጋር አይገናኝ።

መላኩ ሳቀ። «እናቴ፣ የሚፈልጉት ካሜራ ነው ወይስ መነኩሴ?»

እኔም ሳቅሁ። ከክረምት ወዲህ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ሁለት ትንንሾች አመጣልኝ። አንደኛው በወፍራም ላስቲክ የተለበጠ ነው። «ይኼ ውኃ አያስገባም፤ ወንዝ ውስጥ ቢጥሉት ምንም አይሆንም» አለኝ። ግን ክብደት አለው፤ በዚያ ላይ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። «በኅዳር ውኃ ከየት ይመጣብኛል?» አልኩት። ሁለተኛዋን ከመሳቢያ ነው ያወጣት። ጥግዋ የተፋቀ፣ ብርማ፣ መዳፍ የምታክል። በግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ነው የምትሠራው፤ ሁለት ድንጋይ ትጎርሳለች። በአንድ እጄ እሷን፣ በሌላው እጄ ውዳሴ ማርያሜን ያዝኩ። ከመጽሐፌ ቀለለች።

«ይችን እወስዳለሁ።»

«አሁን የስልክ ዘመን ነው፤ ማንም ጠይቋት አያውቅም» አለ መላኩ። ደስ ብሎት ዋጋውን ቀነሰልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

ካርዷ ላይ የማላውቀው ሰው የክርስትና ፎቶ ነበረ። «ይህን ሁሉ አጥፋልኝ፤ አንድም እንዳይቀር» አልኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ባዶ ሆና ከገባች ይዛ የምትወጣው ነገር ከዚያ ቀን በፊት የነበረ ሊሆን አይችልም። የዱሮ ፎቶ ሊያሳዩኝ አይችሉም።

ቁልፏን እስከ ግማሽ ተጭኖ መቆየትን፣ አረንጓዴው ሳጥን ሲመጣ እስከ ታች መጫንን፣ ትንፋሽ መያዝን አስተማረኝ። ጫማውን አነሣሁ፣ በሩን አነሣሁ፣ በመንገድ ላይ የምታልፍ ባጃጅ አነሣሁ፤ የባጃጇ ጭራ ብቻ ወጣ። ስወጣ ተከትሎኝ መጣና፣ «ብርድ ድንጋዩን ይገድለዋል። ብብትዎ ሥር ይያዙት» አለኝ። ይህች ምክር ከካሜራዋ አላነሰችም።

ቤት ስደርስ መሪጌታን አስቀምጬ ተለማመድኩበት።

«ፊቴን ትተሽ ጥምጣሜን ነው ያነሣሽው» አለኝ፤ ዓይኑ ቢደክምም ያን ያህል ያያል። ፎቶዎቹን አጠፋኋቸው። ከዚያ በድንገት፣ «የሆነውን ሁሉ ንገሪኝ። እኔን እንዳትደብቂኝ» አለ።

እኔ ልለው ያሰብኩትን እሱ አለኝ። እሱም እንደኔ ሲፈራ ከርሟል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እሱን መጠርጠሬን ተውኩ።

ሐሙስ

የደባርቅ አውቶቡስ በጊዜ ተነሣ። መንገዱ ሰላም ነበር፤ ተመስገን። ጎንደርን ለቀን ስንወጣ ጀምሮ ብርዱ ይጨምራል። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ገብሱ እየታጨደ ነው፤ ሜዳው ወደ ነጭ የሚያደላ ቢጫ ሆኗል። በዚያ ሰዓት እኛ አዘዞ ላይ ጥላ እንፈልጋለን። እዚያ ሰው ሁሉ ፀሐይ ፍለጋ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

አጠገቤ አንዲት የዳባት ሴት ተቀምጣለች። ካሜራዋን በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዣት ስታይ ዝም ማለት አልቻለችም።

«ምንድን ናት? ራዲዮ ናት?»

«ካሜራ ናት።»

«ምነው ታዲያ እንደ ጡት ልጅ አቀፍሻት?»

«ብርድ አትወድም።»

«አይ የከተማ ሰው!» አለችና ጋቢዋን ዘርግታ እኔንም ካሜራዋንም አለበሰችን። ዳባት ስትወርድ ጋቢውን ልመልስላት ብል፣ «ደባርቅ ይብሳል፤ ለሾፌሩ ስጪው፣ ሲመለስ ይሰጠኛል» አለችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ደባርቅ ላይ ያረፍኩት ከመሪጌታ ዘንድ ድጓ የተማረ አንድ ቄስ ቤት ነው። እሱ ለአገልግሎት ወጥቶ ሚስቱ ትጓደድ ተቀበለችኝ። ጾመ ነቢያት ነውና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የባቄላ ክክና ድንች ቀረበ። እንጀራቸው ገብስ የገባበት ነው፤ ከእኛ ጠቆር፣ ወፈር ይላል። አንዱ የኛን ሁለት ያህል ያጠግባል። ትጓደድ ለራሷ የምትደርበውን የበግ ጠጉር ባና አንሥታ ለእኔ አነጠፈችልኝ። እምቢ ብል፣ «የየኔታ ሚስት በብርድ ብትሞትብኝ ባሌ ምን ይለኛል?» አለችኝ።

ስተኛ ድንጋዮቹን ብብቴ ሥር ማድረጌን አየች። «አሞሻል እንዴ?» አለች ደንግጣ። ስነግራት እስክታለቅስ ሳቀች።

ጠዋት በነጭ ቀሚስ ተውባ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ፎቶ እንዳነሣት ነው። ካርዱ ባዶ መሆን እንዳለበት ስነግራት አፈርኩ። ቤቷን ሰጥታኝ አንድ ፎቶ ነፈግኋት። እሷ ግን፣ «ስትመለሽ ታነሺኛለሽ» ብላ ቀሚሷን ለመቀየር ገባች።

ዓርብ

ከደባርቅ በአይሱዙ ተጫንን። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ አስቀመጠኝ። መኪናው መሄድ እስከሚችልበት ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ በቅሎ ነው።

ባለ በቅሎው አያ ደሴ ይባላሉ። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ አቀበቱን ግን እያወሩ ነው የሚወጡት።

«ሸጋ በቅሎ ናት» አሉኝ። «ጅብራ ስታይ ብቻ ትደነግጣለች።»

ጅብራ የደጋ ተክል ነው። ግንዱ ቀጥ ብሎ፣ ቅጠሉ አናቱ ላይ ተሰብስቦ፣ ከሩቅ ሲያዩት የቆመ ሰው ይመስላል። እኛ አገር የለም። የዚያ መንገድ ግራና ቀኙ ጅብራ ነው!

በሦስተኛው ጅብራ ላይ በቅሎዋ ዘለለችና ወደቅሁ። ሣር ላይ ነው የወደቅሁት፣ ተመስገን፤ ክርኔ ብቻ ተላጠ።

አያ ደሴ ሮጠው መጡ። «ምነው ልጓሙን ለቀቅሽ? በሁለት እጅሽ ምን ይዘሽ ነው?»

ካሜራዋን ነበር። ከፍቼ አየኋት፤ ትሠራለች።

ከዚያ በኋላ ጅብራ ባለበት ሁሉ እሳቸው ቀድመው እየሄዱ በጋቢያቸው የበቅሎዋን ዓይን ይጋርዱ ነበር። አንድ ጊዜም አልመረራቸውም። ስለ ገዳሙም ጠየቅኋቸው፤ እህል ያመላልሳሉና ያውቃሉ።

«ክረምት ላይ ድንጋይ የተናደበት ልጅ ነበር አሉ?»

የበቅሎዋን ጆሮ ማከክ ጀመሩ። «ሁሉም ደኅና ናቸው» አሉ።



ወደ ማታ ከሴቶች ማረፊያ ደረስን። ከገዳሙ በር ወዲህ ያለ አንድ የድንጋይ ቤት ነው። እዚያ የሚኖሩት እማሆይ ወለተ ሥላሴ ውኃ አሙቀው እግሬን አጠቡኝ። ከእናቴ ሞት ወዲህ እግሬን ያጠበኝ ሰው አልነበረም። በሶ በጥብጠው ሰጡኝና ምንም ሳይጠይቁኝ አስተኙኝ።

ቅዳሜ

በሩ ሁለት የቆሙ ድንጋዮች ናቸው፤ መካከላቸው ግንድ ተጋድሟል። ከዚያ ወዲያ የጽድ ደኑ ይጀምራል፤ ከጽዱ በላይ ገደሉ ይታያል። በር የሚጠብቁት አባ ገብረ ሕይወት ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ ናቸው።

«ስመ ክርስትናሽ?»

«ወለተ ኪዳን።»

«የገብረ ማርያም እናት ነሽ።» ይበልጣልን እዚያ በክርስትና ስሙ ነው የሚጠሩት።

«ነኝ ወይስ ነበርኩ?» አልኳቸው። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

ቀና ብለው አዩኝ። «በአመክሮ ላይ ያለ ሰው ወሬ ከአዲስ ዓመት ደብዳቤ በቀር ከዚህ በር አይወጣም፤ ክፉም ይሁን ደግ። ለማንም እናት አልተናገርኩም። አበምኔቱ ግን ካሜራውን ፈቅደውልሻል። ይግባ፣ ይነሣ፣ እዚህ በር ላይ ታዪዋለሽ፤ ከዚያ በእኔ ፊት ታጠፊዋለሽ። የገዳሙ ሰው መልክ ወደ ዓለም አይወጣም።»

እሺ አልኩ። ማየት እንጂ መያዝ አልለመንኩም።

ካሜራዋን ተቀበሉኝና ድንጋይ ላይ አኖሯት። ከዓለም ወደ ገዳሙ የሚገባ ሁሉ በሩ ላይ ጠበል ይረጫል፤ እህሉም፣ ጨውም፣ መጥረቢያም። ይህን አውቄ ነበር፤ ግን ካሜራዋን ጨምሬ አላሰብኩትም። አባ ደግሞ መጻሕፍቱ የተመዘገቡ ጊዜ በሩን አይጠብቁም ነበር፤ ይህን ዓይነት ዕቃ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነውና አልሳሱም። ቅሉን አንሥተው፣ በስመ አብ ብለው፣ ከላይ እስከ ታች አጠጧት።

እኔም አማተብኩ። ውኃው በክዳኗ ሥር ሲሰርግ እያየሁ አማተብኩ።

ስከፍታት መስታወቷ ላይ ነጭ መስመር ብልጭ አለና ጠፋ። ደግሜ ተጫንኩ። ምንም የለም።

አባ ገብረ ሕይወት ፊታቸው ተለወጠ። «ጠበል ያበላሸው ነገር አይቼ አላውቅም» አሉ።

ይዣት ወደ ማረፊያው ተመለስኩ። ያን ሁሉ ተራራ ወጥቼ፣ ያን ሁሉ መርጬ፣ ከበሩ ላይ ቀረሁ። ፈቃዱ አይደለም ይሆን ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

እማሆይ አጠገቤ ተቀመጡ። «ጠበሉ አላበላሸውም። ውኃው ነው» አሉ። «ውኃ ደግሞ ይደርቃል።»

ክዳኗን ከፍተን ድንጋዮቹንና ካርዷን አወጣን። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለን፣ በፀሐይ የሞቀ ገብስ ያለበት እንቅብ ውስጥ ቀበርናት። እማሆይ ጥንት ዳዊታቸው ዝናብ ሲያገኘው እንዲህ ያደርጉ ነበር።

እሑድ

ቅዳሴውን ከበሩ ውጪ ቆሜ ሰማሁ። ቃሉ አይለይም፤ ዜማው ብቻ ከጽዱ ውስጥ ይመጣል። ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል አንዱን ለመለየት ጆሮዬን ጣልኩ። አልቻልኩም።

ከቅዳሴ በኋላ እንቅቡን ፀሐይ በሄደችበት እያስከተልን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ አዞርነው። ካሜራዋን አሁንም አሁንም ልከፍታት እፈልጋለሁ፤ እማሆይ እጄን ይመልሱኛል።

«እማሆይ» አልኳቸው፣ «እርስዎ እዚህ ነው የሚኖሩት። ያውቃሉ።»

«እኔም እናት ነበርኩ» አሉ። «ደኅና ነው ብልሽ አታምኚኝም። ስለዚህ አልልሽም። ካሜራሽን አድርቂ።»

በዚያ ሰሞን ከሁሉ ያጽናናኝ ቃል ይኸ ነው። ቢያንስ አንድ ሰው ሊያታልለኝ አልፈለገም።

ሰኞ

ጠዋት ድንጋዮቹን ከብብቴ አውጥቼ ከካርዷ ጋር ከተትኩ። ቁልፏን ተጫንኩ። መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥሎ ስትከፈት የምታሰማት ትንሽ ድምፅ ተሰማች፤ መስታወቷም በራ። ጥግ ላይ እንባ የመሰለ ጉም ቀርቶባታል፤ ሌላው ሁሉ ደኅና ነው። እማሆይ እልል አሉ። አባ ገብረ ሕይወት እልልታውን ሰምተው ግንዱን ተሻግረው መጡ።

«አልነገርኩሽም?» አሉ። ምን እንደነገሩኝ ግን አላስታውስም።

አጠቃቀሟን አስተማርኳቸው። «እስከ ግማሽ ይጫኑ፤ አረንጓዴ ሲመጣ እስከ ታች።»

«ግማሹን በምን አውቃለሁ?»

«ጣትዎ ይነግርዎታል።»

«ጣቴ ድንጋይ እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም» አሉና አንድ ተጫኑ። ወደ ራሳቸው ነበር ያዞሯት።

ይዘዋት ከጽዱ ወዲያ ገቡ። እኔ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጀርባዬን ለአጥሩ ካብ ሰጥቼ ውዳሴ ማርያሜን ደገምኩ። ከጨረስኩ በኋላ እንደገና ጀመርኩ። ጥላዬ አጠረ፣ ደግሞ ረዘመ። አባ የወጡት ከሠርክ ጸሎት በኋላ ነው። ካሜራዋን በሁለት እጃቸው ይዘዋታል፤ እንደ ቅዱስ ነገር። ይህች ደግ ምልክት ናት ወይስ ክፉ ማወቅ አቃተኝ።

«እይ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ፎቶ የአባ ጢምና አፍንጫ ነው። ሁለተኛው መሬት። ሦስተኛው ሰማይና የአንድ ጣት ጫፍ። ከአራተኛው ጀምሮ ፎቶዎቹ ቀጥ አሉ፤ ሌላ እጅ ነው ያነሣቸው። የድንጋይ ጎጆ በር። በውስጡ አጎዛ፣ በላዩ ስሸኘው የሰጠሁት ብርድ ልብስ በሥርዓት ታጥፎ። የእንጨት ገበቴ፣ የተቀቀለ ባቄላ በግማሽ ያለበት። አንድ ካብ፣ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ።

ከዚያ እጅ መጣ። ቀኝ እጅ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ። ከአንጓው በላይ ጠባሳ አለ፤ ትንሿ ጣት ሙሉ በሙሉ አትዘረጋም። ቀጥሎ ያው እጅ ተጨብጦ። ቀጥሎ ያው እጅ የውኃ እንስራ አንሥቶ።

ያ እጅ የልጄ ነው። ጥፍሩን አውቀዋለሁ።

ከዚያ ፊቱ። ይህን አባ ናቸው ያነሡት፤ ግንባሩ ተቆርጧል፣ ጠማማ ነው። ከስቷል። ጢም አውጥቷል። ቆሟል። ይስቃል፤ የሚስቀው በአባ አያያዝ መሆኑ ያስታውቃል።

ምን እንዳልኩ አላውቅም። እማሆይ ናቸው ከመሬት ያነሡኝ።

አባ ገብረ ሕይወት አሁን ተናገሩ። «ያየሽውን እነግርሻለሁ፤ ያላየሽውን አልጨምርም። ያ ካብ በሐምሌ ተናደ። እጁ ተሰበረ። ከአባቶች አንዱ ወጌሻ ናቸው፤ አሰሩለት። ደብዳቤውን እሱ እየነገረኝ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ምነው ታዲያ እጁ መሰበሩን አልጻፋችሁም?»

«እንዳትደነግጪ» አሉ።

እንዳልደነግጥ! አምስት ወር ሙሉ እንዳልደነግጥ! ልቆጣቸው ፈልጌ ሳቄ መጣ። እኔም ለሁለት ሴቶች ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

ከዚያ ማጥፋት መጣ። ካሜራዋ ፎቶ ሲጠፋ የቆሻሻ ቅርጫት ሥዕል ታሳያለች። እሱን መጫን ነው። ጢሙንና ሰማዩን አጠፋሁ። ጎጆውን፣ ባቄላውን፣ ካቡን አጠፋሁ። እጁ ላይ ስደርስ ዘገየሁ። ፊቱ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«እኔ ልጫነው?» አሉ አባ ቀስ ብለው።

«አይሆንም። እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

አንድ ጊዜ በደንብ አየሁትና ተጫንኩ።

ያ የመጨረሻው መስሎኝ ነበር። አንድ ቀርቷል። በመጀመሪያ አላስተዋልኩትም። ከላይ፣ ከገደሉ አፋፍ የተነሣ ነው። ካሜራዋ ሩቁን ወደ ቅርብ መሳብ እንደምትችል ይበልጣል ሳያውቅ አልቀረም፤ መላኩ ለእኔ አላሳየኝም። በፎቶው ውስጥ በሩ አለ፣ ድንጋዩ አለ፣ ድንጋዩ ላይ አንዲት ሴት አለች። ነጠላዋ ከራሷ ወርዷል። ራሷ ካቡ ላይ ተጋድሟል፣ አፏ ተከፍቷል፣ መጽሐፏ ጭኗ ላይ ነው። ድብን ያለ እንቅልፍ ተኝታለች።

ለእማሆይ ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ከበሩ እንዳልነቀልኩ ነግሬአቸው ነበር። ፎቶውን አይተው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

ጣቴን ወደ ቅርጫቱ ሥዕል ወሰድኩ።

«ቆይ» አሉ አባ። ጠጋ ብለው አዩ። «ይኼ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የት ነሽ?»

«እዚህ። ድንጋዩ ላይ።»

በሩን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ፣ አሰቡ። «አንቺ ከበሩ ውጪ ነሽ። ትእዛዙ ከበሩ ውስጥ ላለ ነው» አሉና መስቀላቸውን አሳልመውኝ ገቡ።

ማክሰኞና ረቡዕ

መመለሻው ቁልቁለት ነው። አያ ደሴ ስጠብቃቸው በጊዜ መጡ። ፊቴን ሲያዩ፣ «አየሽ?» አሉኝ። አየሁ አልኳቸው። «እኔም ዓርብ ዕለት ሆዴን ሲበላኝ ነው የዋለው። እንዳትናገር ብለውኛል፤ ምን ላድርግ» አሉ። በቅሎዋም ጅብራውን ለመደችው መሰለኝ፤ አልጣለችኝም።

ደባርቅ ትጓደድን በነጭ ቀሚሷ አነሣኋት። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ካሜራዋ ጥግ ላይ ያለው ጉም ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ እሷ ግን፣ «ደመና ላይ የቆምኩ መሰልኩ» ብላ ወደደችው። አሳጥቤ በባሏ እጅ ልኬላታለሁ።

አዘዞ ስደርስ መሪጌታ ከደጅ ቆሞ ነበር። ሰላምታ አልሰጠኝም።

«አየሽው?»

«አየሁት። ከስቷል። እጁ ተሰብሮ ድኗል። ይስቃል።»

እዚያው ደጁ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ፣ «አልደበቅሽኝም?» አለ።

«አልደበቅሁህም።»

የጎጆውን፣ የብርድ ልብሱን፣ የባቄላውን አንድ በአንድ ነገርኩት። ሁለት ጊዜ አስነገረኝ። ከዚያ ካሜራዋን ከፍቼ የቀረችውን ፎቶ አሳየሁት። ወደ ዓይኑ በጣም አስጠግቶ ያዛት።

«ይህች አንቺ ነሽ። ተኝተሻል።»

«ይበልጣል ነው ያነሣኝ። ከላይ ሆኖ።»

ካሜራዋን አልመለሰልኝም። ወደ ብርሃኑ ዞሮ ደግሞ አያት።

«ለእሱም እኮ» አለ፣ «እናትህ ደኅና ናት ሲሉት ነው የከረሙት።»